ሰንጋው ከመታረዱ በፊት፦ ኮሶን ከቤት የማስወጣት መንገድ

ነሐሴ ሲጋመስ በሆሳዕና የሁሉም ሰው ወሬ የሰንጋ ዋጋ ይሆናል። በመስቀል ሰሞን ለሚከበረው በዓል፣ ሃድያው ለያሆዴ፣ ከምባታው ለመሳላ ይሰናዳል። ወንዶቹ ለበሬ መግዣ ከወራት በፊት ጀምረው ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ሴቶቹ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። መስቀል ሲደርስ ጎረቤትና ዘመድ ተቧድኖ በሬ ይጥላል፤ ኮባ ይነጠፋል፣ ሥጋው ይመደባል፣ ቢላዋ ይዞራል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ያው ሰው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ተጠግቶ፣ ከኋላው ማን እንደቆመ ካየ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኮሶ መድኃኒት» ይላል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና እና በዙሪያቸው ላሉ ቤተሰቦች ነው። «ጥሬ ሥጋ አትብሉ» ማለት ከሆነ አንድ መስመር ይበቃል፤ የምመክረውም እሱኑ ነው። ግን ጥሬ መብላት ያቆመ ቤት ውስጥም ኮሶ ያለበት ሰው ካለ፣ የመጪው ዓመት በሬ ከዚያው ሰው ይያዛል። ስለዚህ ሥራው ከሥጋው ሳይሆን ከሰው ይጀምራል። እኔም ከዚያ እጀምራለሁ።

የትሉን ወራት ቁጠሩ

የከብት ኮሶ ትል መኖሪያው ሁለት ነው፦ የሰው አንጀትና የከብት ሥጋ። አድጎ ዕንቁላል የሚያፈራው በሰው አንጀት ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሆንለትም። በሬው ትሉን ከሌላ በሬ አይወስድም፤ ከእኛ ነው የሚወስደው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ወይም ጓሮ ይጸዳዳል። ከትሉ የተበጠሱ ቁራጮች ከሰገራው ጋር ይወጣሉ። አንዷ ቁራጭ ብቻ እስከ 100,000 የሚደርስ ዕንቁላል ትይዛለች፤ በቀን ደግሞ አምስት ስድስት ቁራጭ ሊወጣ ይችላል። ዕንቁላሉ በዓይን አይታይም። ዝናብ ያጥበውና በሣሩ ላይ ያዳርሰዋል፤ እርጥበት ባለበት ግጦሽ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ሲውጠው አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል፣ በደም ሥር ይሄድና ሥጋው ውስጥ ገብቶ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ፍሬ ይሆናል። ይቺ ቋጠሮ ለሰው ለመተላለፍ የምትደርሰው በ10 ሳምንት ገደማ ነው። ሰው ሥጋውን ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ብቻ አድርጎ ሲበላ ትሉ ከቋጠሮው ይወጣል፣ አንጀቱን ይይዛል፣ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ አድጎ ቁራጭ መጣል ይጀምራል።

አሁን ይህን በእኛ ወራት አስሉት። መስከረም 17 የሚታረድ በሬ ሥጋው ውስጥ የደረሰ ቋጠሮ ካለ፣ ዕንቁላሉን የዋጠው ቢዘገይ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ነው። ሰኔ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በፊት ሊሆን ይችላል። የመስቀሉ ሥጋ የሚበከለው ክረምት ሲገባ፣ ሣሩ ለምልሞ ሁሉም ነገር ንጹሕ በሚመስልበት ጊዜ ነው። በመስቀል የተዋጠው ቋጠሮ ደግሞ ምልክት የሚያሳየው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መስቀልን ረስቶ፣ «ባለፈው ሳምንት የበላሁት ነው የያዘኝ» የሚለው ይህን ስለማያውቅ ነው።

የበዓል ማግስት «ለማንኛውም» ብሎ መድኃኒት መዋጥ የሚያዘናጋውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያገኘውን ትል ይገድላል እንጂ ለነገው አይጠብቅም፤ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። በማግስቱ የዋጠ ሰው በሳልስቱ ከቀሪው ሥጋ ጥሬ ከቆረሰ እንደገና ይያዛል።

ለቤታችሁ ልትይዙት የሚገባው ግብ ይህ ነው፦ ክረምቱ ሲገባ ኮሶ የያዘው ሰው በግቢያችሁ እንዳይኖር። ምልክት ያለው ሁሉ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይታከም፤ ያመለጠው ቢኖር ከግንቦት አይለፍ።

ያያችሁትን ለዩ

አብዛኛው የኮሶ ሕመምተኛ አይታመምም፤ ይህ ነው ችግሩ። ትሉ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ከዚያ በላይ የሚረዝምም አለ። ካልታከመ ለዓመታት ይኖራል። ባለቤቱ ግን በሬ ጠምዶ ይውላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንዳንዱን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዛባል፣ ይከሳል።

ጥርጥር የሌለው ምልክት ቁራጩ ራሱ ነው። ነጭ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትኩስ ሲሆን ይኮማተራል፣ ይዘረጋል። የከብት ኮሶ ቁራጭ ሰገራ ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ተንፏቆ ይወጣል። ሰው መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ወይም አልጋው ላይ ሳለ መቀመጫው አካባቢ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማዋል። ልብስ ላይ ሲደርቅ ይሸበሸብና የቡላ ፍርፋሪ ይመስላል። ልብስ የምታጥቡ እናቶች፣ የልጅ ወይም የባል የውስጥ ልብስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አራግፋችሁ አትለፉት።

ከወስፋት ለዩት። ወስፋት ድቡልቡል ነው፣ ርዝመቱ የእርሳስ ያህል ነው፣ የሚመጣው ካልታጠበ እጅና ካልታጠበ አትክልት ነው፤ ከሥጋ ጋር ግንኙነት የለውም። ልጆችን የሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው፣ መቀመጫ የሚያሳክከው፣ የክር ቁራጭ የሚመስለው ቀጭን ትልም ሌላ ነው። ይህን መለየት ያስፈለገው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው።

እኔን የጎዳኝ ይህን አለማወቄ ነው። ተማሪ ሳለሁ ቁራጩን አየሁ፣ ማፈሬ ስለበዛ ለማንም ሳልናገር አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «የሆድ ትል መድኃኒት» አልኩ። አንድ ክኒን ሰጡኝ፤ አልቤንዳዞል ነበር። ጥቂት ሳምንት ምንም አላየሁምና ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ያው ነገር ተመለሰ። አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ መጠን ለወስፋት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለኮሶ ግን አይተማመኑበትም። «ኮሶ» የሚለውን ቃል አፌ ቢደፍረው ኖሮ ያን ሁሉ ወራት ተሸክሜው ባልዞርኩ።

ቁራጩን ይዛችሁ ሂዱ

የሰገራ ምርመራ ኮሶን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ዕንቁላሉ በየቀኑ በሰገራው ውስጥ እኩል አይገኝምና። «ምርመራው ነጻ ነው» ተብላችሁ ቁራጭ እያያችሁ ከሆነ ያያችሁትን እመኑ። ቁራጩን በወረቀት ወይም በላስቲክ አንሱት፣ ክዳን ባለው ትንሽ ንጹሕ ዕቃ ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የላቦራቶሪ ባለሙያው ቁራጩን ካየ ነገሩ አለቀ።

ቁራጩን ማሳየት ሌላም ጥቅም አለው። ከአሳማ ሥጋ የሚመጣ የኮሶ ዓይነት አለ። የዚያኛው ዕንቁላል በሰው አፍ ከገባ በሰውዬው ጡንቻና አንጎል ውስጥ ሊቋጠር፣ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የሁለቱ ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ ቁራጩ ግን ይለያል። የከብቱ ኮሶ ዕንቁላል ሰው አካል ውስጥ አይቋጠርም። «ኮሶ አናት ላይ ወጣበት» የሚባለው ወሬ በከብቱ ኮሶ አይደርስም፤ ስለዚህ አትሸበሩ። የአሳማ ሥጋ በአካባቢያችን ብዙም አይበላም፤ ሆኖም ወደ ሌላ ሀገር ሄዶ የተመለሰ ዘመድ ይኖራችኋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ከባድ ራስ ምታት የሚመላለስበት ሰው መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ጤና ጣቢያው ያልቻለውን ወደ ዱራሜ ሆስፒታል ወይም ሆሳዕና ወዳለው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይልካል።

ክኒኑና የአያቶቻችን ኮሶ

ለኮሶ የሚሰጡት መድኃኒቶች በተለይ ሁለት ናቸው፤ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ። ሁለቱም ባብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳሉ። የፕራዚኳንቴል መጠን በኪሎ ይሰላል፤ ለኮሶ የሚሰጠው በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው። ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ 2 ግራም፣ ማለትም የ500 ሚሊ ግራሙ 4 ክኒን ነው፤ ይህኛው በደንብ ታኝኮ ወይም ተፈጭቶ ነው የሚዋጠው፤ ድፍኑን ውጦ ውሃ ማስከተል ጉልበቱን ይቀንሳል። ይህን የጻፍኩት የሚሰጣችሁን እንድታውቁ እንጂ በራሳችሁ እንድትገዙ አይደለም። ለልጆች መጠኑን ባለሙያ ያስላ። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት አስቀድማ ትናገር፤ ኮሶ የሚያጣድፍ በሽታ ስላልሆነ ሐኪሙ እስክትወልድ ሊያቆየው ይችላል።

ስለ ባህላዊው መድኃኒትም መናገር አለብኝ፤ በየቤቱ አለና። በሽታውና ዛፉ አንድ ስም የያዙት በከንቱ አይደለም። የሴቴ ኮሶ ዛፍ ቀዩ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ትሉን ያሽራል። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ሀገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ሐኪሞች አበባውን እያስመጡ ያዙት ነበር። አበው ያገኙት እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን በአንድ ጭብጥ አበባ ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ የሚለካ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያደክማል፣ እርጉዝን ያስወርዳል፣ የዓይን ብርሃን ያጠፋበት ጊዜም አለ። ሌሎቹ የባህል መድኃኒቶች፣ እንቆቆውም መተሬውም፣ ከዚህ አይለዩም፤ መጠናቸው የሚገመት ነው። ልኩ የታወቀ ክኒን በጤና ጣቢያ እያለ በዓይን መወራረድ አያስፈልግም።

የመድኃኒቱ ቀን ወዴት ትወጣላችሁ?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ ዕንቁላሉን አይገድልም። የሞተው ትል ተበጣጥሶ ሲወጣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር በሕይወት ያለ ዕንቁላል ይዞ ነው። በዚያ ቀንና በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው፣ ራሱን አድኖ የጎረቤቱን በሬዎች ይበክላል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ከመዋጣችሁ በፊት ሽንት ቤቱን አዘጋጁ። ጉድጓዱ የጠለቀ፣ ክዳን ያለው፣ ጎርፍ የማይገባው ይሁን። እርሻ የምትውሉበትን ወይም ገበያ የምትሄዱበትን ቀን አትምረጡ፤ ቤት የምትውሉበትን ቀን ምረጡ። ለልጅ ፖፖ ከተጠቀማችሁ ወደ ሽንት ቤቱ ድፉት፤ ፖፖውን በፈላ ውሃ አለቅልቁና እጣቢውንም እዚያው ድፉ። የውስጥ ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃው ከብት የሚግጥበት ሣር ላይ አይፍሰስ።

የእንሰት ጓሮ

ይህን ክፍል ስጽፍ የገዛ ግቢያችን ይታየኛል። ከቤቱ ጀርባ እንሰት አለ፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከመንገድ አያሳይም። ሽንት ቤቱ ራቅ ያለ ወይም ክረምት የናደው ከሆነ፣ ልጅም ሽማግሌም የሚሄደው ወደ እንሰቱ ሥር ነው። ማታ ደግሞ ከዚያው እንሰት ቅጠል ተቆርጦ፣ ከሥሩ ሣር ታጭዶ ለታሰረው በሬ ይሰጣል። ለመስቀል የሚደልበው በሬ ከቤት ወጥቶ አይግጥም፤ የሚበላው ከጓሮ የሚመጣለትን ነው። ሰንጋው በገዛ እጃችን ይያዛል ማለት ነው።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ እነዚህን አድርጉ፦ የተናደውን ሽንት ቤት ጠግኑ ወይም አዲስ ቆፍሩ፤ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሯት፣ ቦታውን ትጠቁማችኋለች። ሠራተኛ ወይም የቀን ምንደኛ ካለ እሱም የሚጠቀምበት ይሁን፤ ባለቤት ብቻ የሚከፍተው ቁልፍ ያለው ሽንት ቤት ሠራተኛውን ወደ እንሰቱ ይሰደዋል። ለሚደልበው በሬ ሣር ሰው ከማይጸዳዳበት ቦታ እጨዱ። እረኞቹን ልጆች አትርሱ። ከሰው ሁሉ የበለጠ ከከብቱ ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ ኮሶ ካለባቸው ግጦሹ ሁሉ የእነሱ መጸዳጃ ነው።

ሰንጋው ሲታረድ

በሆሳዕና ቄራ ወይም በከተማችሁ ፈቃድ ባለው ቄራ ታርዶ ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ መግዛት ከሁሉ ይሻላል። ሆኖም ማኅተሙ ጥሬ ለመብላት ፈቃድ አይደለም። ተቆጣጣሪው የሚሰነጥቀው የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልብንና ወርቹን ነው፤ ቋጠሮ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ። ሽንጡን፣ ሻኛውንና ታላቁን እየተለተለ አይመረምርም፤ ቢያደርገው ለሻጭ የሚቀር ሥጋ የለም። ጥቂት ቋጠሮ ብቻ ያለበት በሬ በእጁ ሊያልፍ ይችላል።

በግቢያችሁ የምታርዱ ከሆነ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድማችሁ ጥሩ፤ የቅርጫው አባላት ወጪውን ሲካፈሉት ቀላል ነው። ባለሙያ ካልተገኘ እናንተው ተመልከቱ። ሥጋው ኮባው ላይ ሳይመደብ፣ በቀን ብርሃን፣ መንጋጋውን፣ ልብን፣ ምላስንና ወርችን በስለታም ቢላዋ በስሱ ሰንጥቁ። ቋጠሮዋ ሞላላ ናት፣ ከአተር ፍሬ አትበልጥም፣ ግልጽ ውሃ ይዛለች፣ በመሐሏ ነጭ ነጥብ አለች። ቀዩ ሥጋ መሐል ስትገኝ እንደ ጨሌ ታበራለች። የሞተችው ትጠጥራለች፤ ቢላዋው ሲነካት እንደ አሸዋ ትንቋቋለች። አንድ ሁለት ካገኛችሁ የበሬው ሥጋ በሙሉ ይብሰል፤ «እዚህ ጋ ብቻ ነው» ብሎ ቆርጦ መጣል አያድንም። በየቦታው ከሞላ ሥጋው አይበላም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር።

ሳንባና ጉበት ላይ የሚወጣው ትልቅ ውሃ የሞላበት ፊኛ ከኮሶ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሌላ ትል ነው። እሱን ለውሻ መጣል ግን ለቤታችሁ አደጋ ነው፤ ውሻው ይይዘውና ወደ ልጆቻችሁ ያስተላልፈዋል። ይቀበር።

የበግና የፍየል ሥጋ ይህን ኮሶ አያስተላልፍም። የዶዮገና በግ ያረደ ሰው ከዚህ ትል ነጻ ነው፤ ከሌሎች በሽታዎች ግን ነጻ ስላልሆነ እሱንም ያብስለው።

ምጣዱ ላይ

ቋጠሮዋ የምትሞተው የሥጋው መሐል 60 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ለሌሎች ጀርሞችም ጭምር እርግጠኛ ለመሆን፣ ድፍን ሥጋ መሐሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይረፍ፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ይድረስ ይላሉ የጤና ባለሙያዎች። ቴርሞ ሜትር በየቤቱ የለም፤ ዓይን ግን አለ። ከጥብሱ ትልቁን ቁራጭ አውጡና ለሁለት ክፈሉት። መሐሉ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ይመለስ። የሚወጣው ውሃ ደም የማይመስል ሲሆን በስሏል። ወጥና ቅቅል አያሳስባችሁ። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ትል ከበቂ በላይ ነው።

ክትፎ ላይ ቆም ልበል። ለብ ለብ ማለት ሥጋውን ያሞቀዋል እንጂ አያበስለውም፤ ከላይ ቡናማ ሆኖ ከውስጥ ያው ነው። የበሰለ ክትፎ ይደርቃል፣ ጣዕም ያጣል የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ቅቤውን ከሥጋው ጋር ስላቃጠሉት ነው። እንዲህ ሞክሩት። ሥጋው በደንብ ይከተፍ። ድስቱ ይጋል፣ ጥቂት ቅቤ ብቻ ይግባ፣ ሥጋው ይጨመርና ሮዝነቱ እስኪጠፋ በፍጥነት ይማሰል፤ እንዳይጓጉል በማንኪያ ጀርባ ይፈረካከስ። ከእሳት ይውረድ። ተነጥሮ የተቀመጠው ቅቤ፣ ሚጥሚጣውና ኮረሪማው ከወረደ በኋላ ይዋሐደው። ቅቤው ስላልተቃጠለ መዓዛው አይጠፋም፣ ሥጋውም ይርሳል። ከአይብ፣ ከጎመንና ከትኩስ ዋሳ (ቆጮ) ጋር አቅርቡት።

ምግብ የምትሠሩ እህቶችና እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እናቴ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ ቁርጥ ስትበላ አይቼ አላውቅም፤ ኮሶ ግን ይመላለስባት ነበር። ብዙ ቆይቼ ነው ምክንያቱን ያስተዋልኩት። ክትፎውን ስታዋሕድ፣ ጨውና ሚጥሚጣው ልክ መሆኑን ለማወቅ ከጣቷ ጫፍ ላይ ትቀምሰው ነበር፤ ደጋግማ፣ ገና ጥሬውን ሳለ። ቋጠሮ አንዲት ብትሆን ትበቃለች። ቅመሱ፣ ግን ከበሰለ በኋላ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት መክተፊያና ቢላዋ በፈላ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣና ቃሪያ አይከተፍበት።

ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ አረቄ፤ ከእነዚህ ቋጠሮዋን የሚገድል የለም። አፍን ማቃጠላቸው ትሉን አቃጠሉት ማለት አይደለም። ቋንጣም ደረቀ ተብሎ ጥሬው አይበላ።

ጥሬውን የግድ የምትሉ ከሆነ ያለው አንድ መንገድ ማቀዝቀዝ ነው፤ ሥጋው እስከ መሐሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ቀዝቅዞ 10 ቀን ሙሉ ይቆይ። ተራ ፍሪጅ ይህን አያደርግም፤ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ መብራት እየሄደ እየመጣ ከሆነ ደግሞ 10 ቀኑ አልተቆጠረም። ይህም ቢሆን ኮሶን ብቻ ነው የሚከላከለው፤ ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ብርድ አይገድላቸውም። ለልጅ፣ ለእርጉዝና ለሕመምተኛ በምንም መንገድ ጥሬ አይሰጥ። በዓል ላይ ሕፃን እቅፍ አድርጎ አፉ ላይ የቁርጥ ጫፍ የሚያስነካ አጎት በየቤቱ አለ፤ በፍቅር ነው የሚያደርገው። በፍቅር ከልክሉት።

ቅርጫ ለመግባት ስትሰበሰቡ፣ ገና ብሩ ሲቆጠር፣ ስለ ማብሰሉም ተነጋገሩ። ሥጋው ከቀረበ በኋላ አንድ አረጋዊ ቢላዋ አንሥተው «ይቺን ቅመስ» ሲሉ እምቢ ማለት ለወጣት ከባድ ነው። ቀድሞ ሽማግሌው ራሳቸው «ዘንድሮ ጠብሰን ነው» ካሉ ማንም አያፍርም።

ከበዓሉ በኋላ

መስቀል ላይ ጥሬ የቀመሰ ካለ፣ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሰገራውንና የውስጥ ልብሱን ይከታተል። ቁራጭ ያየ በዚያው ሳምንት ይታከም። አንድ ሰው ሲገኝ ከዚያው ሥጋ የበሉትን ሁሉ ጠይቁ፤ የቅርጫው ዝርዝር በእጃችሁ ስላለ ማን ከማን ጋር እንደበላ ይታወቃል።

መድኃኒት የወሰደ ሰው ትሉ በሙሉ የወጣ ስለመሰለው ብቻ አይርካ። የትሉ ራስ፣ ማለትም አንጀቱን የያዘው የስፒል ራስ የሚያህለው ክፍል፣ ከቀረ እንደገና ያድጋል፤ ቁራጭም ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ተመልሶ ይታያል። በእነዚህ መድኃኒቶች የትሉ ራስ ብዙ ጊዜ ሟሙቶ ስለሚወጣ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ አለማግኘታችሁም ቀርቷል ማለት አይደለም። መድኃኒቱን የወሰዳችሁበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ክበቡት፣ ሦስት ወር ቁጠሩና ሁለተኛውን ቀን ክበቡ። ታኅሣሥ 10 የዋጠ ሰው መጋቢት 10 ሰገራውን ለምርመራ ይወስዳል። በዚህ መሐል ቁራጭ ካየ ቀኑን አይጠብቅ፤ ቁራጩን በዕቃ ይዞ ይመለስ፣ የወሰደውን መድኃኒት ስምና የክኒኑን ብዛትም ይንገር።